በጅማ የሸክላ አፈር ላይ ሴፕቲክ ታንክ ለሚያሠሩ፦ ሁለት ጊዜ ከቆፈርኩ በኋላ የምሰጠው መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ በቦሳ ኪቶ በኩል በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ቤት እየሠሩ መሆንዎን፣ ግንበኛዎም «ሴፕቲኩን በደረቅ ድንጋይ እንደርድረው፤ ወለሉን መለሰን አያስፈልግም፤ ፍሳሹ ራሱ ወደ መሬት ይሰርጋል» እንዳለዎት ጽፈዋል። የጎረቤትዎ የውሃ ጉድጓድ ከአጥሩ ማዶ መሆኑንም ጠቅሰው ምክሩን ልቀበል ወይስ ልተው ብለው ጠይቀዋል። አይቀበሉት። ይህንኑ ምክር እኔም ሰምቼ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆፍሬያለሁና ምክንያቱን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያስቆፈርኩት በጥር ወር ነበር። ቆፋሪዎቹ ሦስት ሜትር ሲወርዱም አፈሩ ደረቅ ስለነበር፣ አንደኛው ከታች ሆኖ ያቀበለኝ ጓል በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ ተደረደረ፣ ሶሌታው ተሞላ፣ እስከ ግንቦት ድረስም ሽታ እንኳ አልነበረም። በሐምሌ አጋማሽ ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል ካደረ በኋላ ግን የሽንት ቤቱ ውሃ አልወርድ አለ፤ የመታጠቢያ ቤቱ የወለል መውረጃም እየተንቦጨቦጨ ጥቁር ውሃ ወደ ላይ ይመልስ ጀመር። መጣጭ መኪና አስመጥቼ አስመጠጥኩ። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ብከፍተው ውሃው ቀድሞ በነበረበት ልክ ቆሞ አገኘሁት፤ ልዩነቱ ጥርት ማለቱ ብቻ ነበር። የእኛ ፍሳሽ ወደ መሬት መስረጉ ቀርቶ የመሬቱ ውሃ ወደ ጉድጓዳችን እየሰረገ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የከፈልኩትም የከርሰ ምድር ውሃ ለማስመጠጥ ነበር ማለት ነው።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ከአዌቱ ወንዝ ዳርና ከቦዬ ረግረግ አቅራቢያ ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ደግሞ ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይቀርባል። ወደ ጅሬን ከፍታ የሚገኘው ቀይ አፈር ከዚህ ይሻላል። ስለዚህ ስለ ቦታዎ መፍረድ ያለብዎት በጥር ሳይሆን በነሐሴ ባዩት ነገር ነው። ክረምቱ እስኪገባ መጠበቅ ካልቻሉ የጎረቤትዎ የውሃ ጉድጓድ በነሐሴ ውሃው ምን ያህል ከአፉ እንደሚቀርብ ይጠይቁ፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ በነጻ አያገኙም።

ግንበኛዎ የቀላቀላቸው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። የሴፕቲክ ታንክ ሥራ ፍሳሹን ማቆየት ነው፦ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱና ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ዝቃጩን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ማስረግ የሌላ አካል ሥራ ነው፤ ከታንኩ በኋላ የሚመጣው የማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ቦይ ይሠራዋል። ስለዚህ ታንኩ እንደ ውሃ በርሜል ጠብታ የማያፈስ መሆን አለበት፤ ወለሉ አርማታ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተገነባ፣ ውስጡም ሁለት ጊዜ የተለሰነ።

ስለ መጠኑ ስሌቱን ላሳይዎ። ከሰርቪስ ቤቱ ተከራዮች ጋር ስምንት ሰው ቢኖርና አንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 640 ሊትር ይሆናል፤ የሁለት ቀን ማቆያ 1,280 ሊትር ነው። በሰው በዓመት 40 ሊትር ዝቃጭ ታስቦ ለሦስት ዓመት 960 ሊትር ሲጨመርበት 2,240 ሊትር ይደርሳል። እኔ ብሆን ውስጡን 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ የውሃውን ጥልቀት 1.5 ሜትር አድርጌ 3.6 ሜትር ኩብ እሠራለሁ፤ እንግዳም ሠርግም ልቅሶም የሚያስተናግድ ቤት ነውና ትርፉ አይጎዳም። በመካከሉ ግድግዳ ቆሞ የመጀመሪያው ክፍል 1.6 ሜትር፣ ሁለተኛው 0.8 ሜትር ይሁን። የመግቢያው ቧንቧ ከመውጫው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በሁለቱም ጫፎች ላይ ወደ ታች የሚወርድ «ቲ» (ባለ ሦስት አፍ የቧንቧ መገጣጠሚያ) ይግባ፣ አለበለዚያ የተንሳፈፈው ቅባት በመውጫው ሾልኮ ማስረጊያውን ይደፍነዋል። ከቤት የሚመጣው ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወረደ ይምጣ። የጣሪያ አሸንዳ ውሃ ግን በምንም ምክንያት ወደዚህ አይግባ።

ልስኑ እንደደረቀ ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ታንኩን በንጹሕ ውሃ ይሙሉት። ግድግዳው ውሃ ሲመጥ መጀመሪያ ትንሽ ይወርዳል፤ ይጨምሩበትና የውሃውን ልክ በከሰል አስምረው ለ24 ሰዓት ይተዉት። በሁለተኛው ግንባታ በማግሥቱ ውሃው ከከሰሉ መስመር አራት ጣት ወርዶ ስላገኘሁት ግንበኛው በወለሉና በግድግዳው መጋጠሚያ ያለውን ማዕዘን እንደገና እንዲለስን አድርጌያለሁ። ቅር ብሎት ነበር፤ ዛሬ ግን ለራሱ ደንበኞች ይህንኑ ያደርጋል።

ወደ ማስረጊያው ልለፍ፤ የጅማ ችግር በአብዛኛው ያለው እዚህ ነው። ፍሳሹ ሊሰርግ በታሰበበት ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ እየሞሉ ያሳድሩትና በማግሥቱ ሞልተው በግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ በመለኪያ ይለኩ። ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም ካልወረደ ያ መሬት ፍሳሽ አይቀበልም። በጠበቀ አፈር በካሬ ሜትር በቀን ከ10 ሊትር በላይ እንዲሰርግ አይጠበቅም፤ ንጹሕ ሸክላ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እኔ ጥልቁን ጉድጓድ ትቼ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው፣ ጠጠርና የተበሳሳ ቧንቧ የገባባቸው ሁለት ቦዮች እያንዳንዳቸውን 15 ሜትር አድርጌ ሠራሁ፤ ጎንና ጎናቸው 36 ካሬ ሜትር ስለሚሆን ለቤተሰቤ 350 ሊትር ያህል የቀን ፍሳሽ በቃ። ጥልቀቱን ያሳነስኩት በክረምት ከቦዩ ወለል በታች ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ደረቅ አፈር እንዲቀር ነው፤ ጀርሞችን የሚያጣራው ይህ ደረቅ አፈር ነውና። በላዩ ሣርና ሙዝ ተክያለሁ። ጎደሬ ግን አይትከሉበት፤ አቮካዶም ሥሩ ቧንቧ ውስጥ ይገባል።

የጎረቤትዎ የውሃ ጉድጓድ ነገር አሳስቦኛል። ከማስረጊያ እስከ ውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር እንዲኖር ይመከራል፤ 10 በ20 በሆነ ቦታ ውስጥ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ቢለኩ እንኳ 22 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ማስረጊያውን ከጉድጓዱ በተቃራኒው ጥግና በተቻለ መጠን ከጉድጓዱ ዝቅ ባለው በኩል ያድርጉት፤ ከመጀመርዎም በፊት ጎረቤትዎን ቡና ላይ ቁጭ ብለው በግልጽ ያነጋግሯቸው። ያን ውሃ ለልብስና ለአትክልት እንጂ ሳያፈሉ ለመጠጥ እንዳይጠቀሙበት ቢነግሯቸው ቅር ሊሰኙ ይችላሉ፤ የታመመ ልጅ ከማየት ግን ይሻላል።

አጠባበቁ ቀላል ነው። እኛ ጅማዎች በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቡና እናፈላለንና የጀበናው አተላ ወደ ዕቃ ማጠቢያው መደፋቱ ትልቁ ጥፋታችን ነው፤ አተላው ቶሎ አይበሰብስም፣ ከዘይት ጋር ተጣብቆም ቧንቧውን ያጠባል። በአትክልቱ ሥር ይድፉት። በረኪናን በብዛት ማፍሰስ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ እርሾ መጨመር ወይም ሥጋ መጣል ደግሞ ምንም አይጠቅምም፣ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ከሰው ጋር ራሱ ይመጣል።

በዓመት አንድ ጊዜ ረጅም እንጨት ወስደው ጫፉን በነጭ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው በክዳኑ በኩል እስከ ወለሉ ያስገቡ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በቀስታ ሲያወጡት ዝቃጩ በጨርቁ ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የጥቁሩ ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም የውሃው ጥልቀት ሲሶ ከደረሰ ማስመጠጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል። ጊዜውንም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያድርጉት፤ በክረምት የውስጥ መንገዶች ጭቃ ስለሚሆኑ መኪናው አይገባም፣ ባዶ የሆነውንም ታንክ የመሬቱ ውሃ ከውጭ ይገፋዋል። የፕላስቲክ ታንከር የቀበረ ሰው ካለ ጭራሽ ከመሬት ተነሥቶ ሊንሳፈፍበት ይችላል።

ማንም ሰው፣ ግንበኛም ቢሆን፣ ሥራ ላይ ወደዋለ ታንክ ለአፍታም እንዳይወርድ። ውስጡ ያለው ጋዝ ሰውን በደቂቃ ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባው ሰውም አብሮ ይቀራል። ሻማ አብርቶ መፈተሽም ጋዙ ሊቀጣጠል ስለሚችል ራሱ አደጋ ነው። ሁለቱ ክዳኖች ሕፃን የማያነሣቸው ይሁኑ።

ሶሌታው ላይ መኪና ይቆማል ወይ ላሉት፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ተራ ሶሌታ ላይ አይቆምም። ታንኩን የመጣጭ መኪናው ቱቦ ከበሩ በቀላሉ በሚደርስበት፣ የእርስዎ መኪና ግን በማያልፍበት በአጥሩ ጎን ያድርጉት፤ ሌላ ቦታ ከጠፋ የሶሌታውን ውፍረትና የፌሮውን ብዛት መሐንዲስ ያስላልዎት።