ኖር ማለትን የረሳ ጌመር እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ውድ አንባቢዎች፣ ባለፈው እትም ስለ ስልክ ጌም እና ሰው መሀል ስለ ስልክ አጠቃቀም ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የመጣው ደብዳቤ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል አራቱን ወስጃለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ረዘም እላለሁ ምክንያቱም እሱን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። 24 ዓመቴ ነው፣ ከአያት ሜክሲኮ ድረስ በባቡር ነው ስራ የምመላለሰው። መንገድ ላይ ሆንካይ ስታር ሬይል የሚባለውን አርፒጂ እጫወታለሁ፣ ኤርፎን አደርጋለሁ፣ ማንንም አልረብሽም። ባለፈው ሳምንት ግን አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት መገናኛ ስንደርስ ትከሻዬን ነካ አድርገው "ልጄ፣ አንተ እኮ እዚህ የለህም" ብለውኝ ተነስተው ሌላ ቦታ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ምን አጠፋሁ? በስልክ ጌም መጫወት ነውር ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጌም መጫወት ነውር አይደለም፣ እሱን መጀመሪያ እንዝጋው። አንተ የምትጫወተው ዓይነት ጌም፣ ካራክተር ይዘህ ታሪኩን እየተከተልክ ሌቭል እያሳደግክ የምትሄድበት፣ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፣ ጃፓኖች ድራጎን ኩዌስትን ያወጡት በፈረንጆቹ 1986 ነው፣ በዓመቱ ደሞ ፋይናል ፋንታሲ ተከተለ፣ ያኔ ግን ቤት ውስጥ ቲቪ ላይ ተሰክቶ ነበር የሚጫወቱት። አሁን ኪስ ውስጥ ገብቶ ባቡርም ታክሲም ለቅሶ ቤትም አብሮን ይሄዳል፣ ጣጣው የመጣው ከዛ ነው።

ደብዳቤህን ሶስቴ አነበብኩት። ስለ ኤርፎኑ ነገርከኝ፣ ስለ ድምፁ ነገርከኝ፣ እኚህ አባት መጥተው ሲቀመጡ ምን እንዳሉህ ግን የለም። እኔ እንደሚመስለኝ "እንደምን አደርክ ልጄ" ብለውሃል፣ ጆሮህ ተደፍኗል ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ነው፣ እስከ መገናኛ መልስ ጠብቀው ሲያጡ ነው እዚህ የለህም ያሉህ። ጌሙን አይተው አይደለም የከፋቸው፣ ምን እንደምትጫወትም ላያውቁ ይችላሉ። እኛ ጋ ሰላምታ ወድቆ ሲቀር ሰው እንደተናቀ ነው የሚቆጥረው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሆን ደሞ ይብሳል።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። በቀደም አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ልጅ ከፊቴ ተቀምጣ እንዳንተው ጌም እየተጫወተች ነበር፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቿ ስክሪኑ ላይ ይሮጣሉ፣ አንገቷን ደፍታለች። አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ሲገቡ ስክሪኑን አንዴ ነካ አድርጋ አቆመችው፣ አንዱን ኤርፎን ከጆሮዋ አወጣች፣ ብድግ ብላ "ኖር እናቴ" አለቻቸው። "በእግዜር የኔ ልጅ" ብለው ተቀመጡ፣ ዘንቢሉንም ተቀብላ እግሯ ስር አደረገችላቸው። ከዛ ቋሚውን ብረት በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ ጌሟን ቀጠለች፣ እናትየውም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ስክሪኑን ማየት ጀመሩ፣ "ይቺ ቀይ ልብስ የለበሰችው አንቺ ነሽ?" ብለው ሲጠይቋት ሰምቻለሁ። ሰዓት ብትይዝ ያ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ያንተ ጌም ደሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ሆንካይ ስታር ሬይል ተራ በተራ ነው የሚመታው፣ ያንተ ተራ ሲደርስ ጠላቱ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አምስት ደቂቃ ሰላም ስትል ብትቆይ ምንም አታጣም። ከጓደኛ ጋር በቡድን ሆነህ በቀጥታ የምትጫወተው ቢሆን ኖሮ ማቆም ስለሌለ እሱን ለቤት አቆየው እልህ ነበር። ጃፓን ውስጥ ስልክ ሳይለንት ሲደረግ "ማነር ሞድ" ነው የሚሉት፣ የጨዋ ደንብ እንደማለት ነው፣ ባቡር ውስጥ በስልክ ማውራት አይወደድም፣ ዝም ብሎ ጌም መጫወት ግን ችግር የለውም። የነሱ ጨዋነት ዝምታ ነው፣ የኛ ደሞ ሰላምታ ነው፣ አንተ ኤርፎን አድርገህ የነሱን አሟልተሃል፣ የኛን ነው የረሳኸው። ስለዚህ ባቡር ውስጥ አንድ ጆሮህን ክፍት ተወው፣ ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት ደሞ ቀና በል። እኚህን አባት ዳግመኛ ካገኘሃቸው አንተ ቀድመህ እንደምን አደሩ በላቸው፣ ይቅርታ ምናምን እያልክ ማብራራት አያስፈልግህም፣ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የማታ ሰራተኛ ነኝ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ በስልኩ የሆነ ጌም ላይ በኔ ካርድ 340 ዶላር አጥፍቶ አገኘሁት። ስጠይቀው "እማ ካራክተሯን ላገኛት ትንሽ ነው የቀረኝ" ይለኛል። ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ስልኩን ነጠላዬ ስር ደብቆ ያያል። ስልኩን ልቀማው ወይስ ምን ላድርግ? ሌባ ሆነብኝ ብዬ እያለቀስኩ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ሌባ አልሆነም፣ እባክሽ በዚህ ቃል አትጥሪው። የገባበት ነገር ምን እንደሆነ ካወቅሽ ንዴትሽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል።

ጌሙን ስላልነገርሽኝ በጣም በታወቀው በገንሺን ኢምፓክት ላስረዳሽ፣ ብዙዎቹ አሰራራቸው ይመሳሰላል። ጌሙ ነፃ ነው፣ ካራክተር ለማግኘት ግን ዕጣ ታወጪያለሽ፣ ጋቻ ይሉታል፣ ስሙ ጃፓን ውስጥ ሳንቲም ከተሽ አሻንጉሊት ከምታወጪበት ማሽን የመጣ ነው፣ የትኛው እንደሚወጣልሽ አታውቂም። ባለ አምስት ኮከቧ ካራክተር በአንድ ዕጣ የመውጣት ዕድሏ 0.6 ከመቶ ነው፣ ከሺህ ስድስት ማለት ነው። 90 ዕጣ ላይ ባለ አምስት ኮከብ የግድ ይወጣል፣ ግን የምትፈልጊያት ላትሆን ትችላለች፣ ያኔ ሌላ 90 ትጀምሪያለሽ። አንድ ዕጣ 160 እንቁ ነው፣ እንቁ የሚሉት የጌሙን ገንዘብ ነው፣ 90ው 14,400 እንቁ። የ100 ዶላሩ ጥቅል 8,080 ነው የሚሰጠው። አስቢው፣ አንዴ ርግጠኛ ለመሆን ብቻ ሁለት ጥቅል ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ዕድል ካልቀናው ደሞ ወደ አራት። "ትንሽ ነው የቀረኝ" ሲልሽ አልዋሸሽም፣ ጌሙ ራሱ ቁጥር አስይዞ ነው ትንሽ ቀረህ የሚለው፣ አቋርጦ ቢወጣ ያወጣው ሁሉ የባከነ ይመስለዋል።

ቅዳሴ ላይ የሚያየውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚሁ ጌም ሬዚን የሚባል ጉልበት አለ፣ በየስምንት ደቂቃው አንድ ይሞላል፣ 200 ሲደርስ ይቆማል፣ ማለትም በ27 ሰዓት ውስጥ አንዴ ካልገባ የሚቀጥለው ይባክናል። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ሰዓት ተቀብሮለታል፣ አባታችን ወንጌል እያነበቡ እሱ ሞላ አልሞላ እያለ ነው። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ 13 ዓመት ልጅ ከዚህ ጋር በራሱ አቅም ይታገል ማለት አይቻልም፣ ትልልቅ ሰዎችም ያቅታቸዋል።

መንግስታትም አይተውታል። ጃፓን በፈረንጆቹ 2012 የጋቻን አንዱን ዓይነት ከለከለች፣ ቤልጂየም በ2018 በገንዘብ የሚገዛውን የዕጣ ሳጥን ቁማር ነው አለች፣ አንቺ ባለሽበት አሜሪካ ደሞ ኤፍቲሲ የሚባለው የንግድ ኮሚሽን ከገንሺን ድርጅት ጋር ጥር 2025 ላይ ባደረገው ስምምነት ድርጅቱ 20 ሚሊየን ዶላር ሊከፍል፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅም ያለ ወላጅ ፈቃድ እነዚህን ዕጣዎች ላይሸጥ ተስማምቷል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ። ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትዪ፣ አይፎን ከሆነ ለአፕል፣ አንድሮይድ ከሆነ ለጉግል ፕሌይ ልጄ ሳልፈቅድለት ነው የገዛው ብለሽ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠይቂ፣ መልሱ ሁልጊዜ እሺ ላይሆን ይችላል ግን በዘገየሽ ቁጥር ይከብዳል። ከዛ ካርድሽን ከስልኩ ላይ አጥፊው፣ በአፕል አስክ ቱ ባይ በአንድሮይድ ደሞ ፋሚሊ ሊንክ ላይ ልጁ ሊገዛ ሲል ጥያቄው አንቺ ስልክ ላይ እንዲመጣ አድርጊው። ስልኩን አትቀሚው። ቁጭ በይና ከላይ የፃፍኩልሽን ሂሳብ እስክሪብቶ ይዞ እሱ ራሱ ይስራው፣ 340 ዶላሩን ስንት ሌሊት ሰርተሽ እንደምታገኚው ደሞ አንቺ ንገሪው፣ ሳትጮሂ። ለቅዳሴ ስልኮቹ መኪና ውስጥ ይቅሩ፣ ያንቺም ጭምር፣ ያንቺ ቦርሳሽ ውስጥ ሆኖ የሱ ብቻ ከቀረ አይሰራም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ቡና ሳፈላ ጌም ላይ ነው። ሲኒውን አስቀምጥለታለሁ ይቀዘቅዛል፣ ጎረቤት መጥቶ ሲያወራው እህ እህ ይላል። ከአዳማ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቡናው ቀዝቅዞ ስታነሺው ምን እንደሚሰማሽ ይገባኛል፣ የተጠላው ቡናው ብቻ አይመስልም። ከሰው ፊት ግን አትናገሪው። ብቻችሁን ስትሆኑ መጀመሪያ ምን እንደሚጫወት ጠይቂው፣ የምርሽን ጠይቂው፣ ታሪኩ ምንድነው ማነው ጠላቱ በይው፣ ብዙ ወንዶች ይሄን የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ነው እዛ ውስጥ የሚጠፉት። ቀጥለሽ አቦልና ቶና የኔ ናቸው በይው፣ ስልኩ ቡፌው ላይ ይቀመጥ፣ ከበረካ ጀምሮ እንደፈለገ። ጎረቤት ካለ ግን በረካም ላይ አይነካ። ይሄ ልክ ያለው ስለሆነ እሺ ለማለት አይከብደውም፣ "ጌም ተው" ብትዪው ኖሮ ግን ጭቅጭቅ ነው።

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጬ ጌም እየተጫወትኩ ስልኬን ነጥቀውኝ ሮጡ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት አካውንት ነበረኝ። ይመለሳል?

መልስ፦ አይዞህ፣ ስልኩ ላይመለስ ይችላል አካውንቱ ግን ይመለሳል፣ ከኢሜይል ጋር አያይዘኸው ከነበረ። ግን ከጌሙ በፊት ገንዘብህን አድን፣ ቴሌብርና የባንክ አፕ ያሉት እዛው ስልክ ላይ ነው። የሰው ስልክ ተውሰህ 994 ደውልና ሲምህን አስዘጋ፣ ባንክህንም አሳውቅ፣ ከዛ በሌላ ስልክ የኢሜይልህን ፓስወርድ ቀይር፣ የጠፋውን ስልክ ከኢሜይሉ አስወጣው፣ ቴሌግራምህንም እንደዛው፣ የጌሙን ፓስወርድ በመጨረሻ። በእንግዳ አካውንት፣ ያለ ኢሜይል ስትጫወት ከነበረ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የመመለስ ተስፋው በጣም ጠባብ ነው። በቴሌግራም አመልስልሃለሁ ብሎ ፓስወርድህን ወይም ብር ለሚጠይቅህ ሰው ምንም እንዳትሰጥ።

መስኮት ጋ ስትቀመጥ ስልክ አታውጣ፣ በተለይ መኪናው ትራፊክ ይዞት ሲቆም፣ ጌም የሚጫወት ሰው ዓይኑም ሁለቱ እጁም ስለተያዘ ሌባው የሚመርጠው እሱን ነው። አዲስ ስልክ ስትገዛ ደሞ መጀመሪያ *#06# ንካና የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ፅፈህ ቤት አስቀምጥ፣ ፖሊስ ጋ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።