ብሎጋችሁን ከማይክሮብሎግ ጋር ማገናኘት፦ ጠይቁኝ

ብሎግ ያላቸው ሰዎች ማስቶዶንን ወይም ብሉስካይን (እንደ ትዊተር አጫጭር ጽሑፍ የሚለጠፍባቸውን ማይክሮብሎጎች) ይሞክሩና ከብሎጋቸው ጋር ማገናኘቱ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። እኔ ብሎጌን ከሁለቱም ጋር አገናኝቼ ነው የምጽፈው። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ ቀለል ያለም ይሁን ከበድ ያለ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ብሎግ ካለኝ ይሄ ምን ይጨምርልኛል?

ብሎግ ላይ አንባቢው ራሱ ፈልጎህ መምጣት አለበት። እዚህ ግን ጽሑፍህ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ደግሞም ለብሎግ የማይበቃ የሁለት መስመር ሐሳብ ማረፊያ ያገኛል። ተከታይ ለማብዛት ብቻ ከሆነ ግን ቶሎ ይሰለችሃል።

ጥያቄ፦ ማስቶዶን ልመዘገብ ስል “ሰርቨር ምረጪ” አለኝ። ግራ ገባኝ።

ብዙ ሰው ጥሎ የሚወጣው እዚች ጋ ነው። ማስቶዶን የአንድ ድርጅት ሳይሆን፣ የተለያዩ ሰዎች የሚያስተዳድሯቸው የተያያዙ ሰርቨሮች (አካውንት የሚቀመጥባቸው ኮምፒውተሮች) ስብስብ ነው። እንደ ኢሜይል አስቢው፤ የአንዱ ድርጅት ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ ይጽፍ የለ? እዚህም አንድ ሰርቨር ላይ ሆነሽ ሌላው ላይ ያለውን ሰው መከተል ትችያለሽ። ቢሆንም ደንቡን አንብቢ፣ ማን እንደሚያስተዳድረውም እዪ። የግል መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለማይመሰጠር አስተዳዳሪው ማንበብ ይችላል። ምስጢር አትጻፊበት።

በኋላ ሰርቨር ብትቀይሪ ተከታዮችሽ አብረውሽ ይዛወራሉ። የድሮ ፖስቶችሽ ግን እዚያው ይቀራሉ። ቁም ነገሩን መጀመሪያ ብሎግ ላይ ጻፉ እያልኩ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የፊደል ገደቡ ለአማርኛ ይበቃል?

በደንብ ይበቃል። የማስቶዶን የተለመደው ገደብ 500 ነው፤ ከፍ ያደረጉት ሰርቨሮችም አሉ። ብሉስካይ 300 ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጠር በላቲን ከሚጽፈው ሰው የተሻለ ቦታ አለን። ማስቶዶን ደግሞ ሊንክ የቱንም ያህል ቢረዝም 23 አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ሊንክ በማሳጠር ጊዜህን አታጥፋ።

ጥያቄ፦ ብሎጌ ላይ ሳወጣ ራሱ እንዲለጠፍልኝ እፈልጋለሁ። እንዴት ነው?

ሁለት መንገድ አለ። በጣም የተለያዩ ናቸው፣ ሰው ግን ያምታታቸዋል።

የመጀመሪያው፣ የማይክሮብሎግ አካውንት ከፍተህ አንድ አገልግሎት የብሎግህን አርኤስኤስ (ፕሮግራሞች የሚያነቡት የአዳዲስ ጽሑፎችህ ዝርዝር፣ “ፊድ” የሚባለው) እየተከታተለ ርዕሱንና ሊንኩን ይለጥፍልሃል። ብሎግህ በወርድፕረስ (የብሎግ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ ከሆነ ጄትፓክ የሚባለው ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ይህንኑ ይሠራል፤ ለማስቶዶንም ለብሉስካይም።

ሁለተኛው፣ ብሎግህ ራሱ አካውንት ይሆናል። ለወርድፕረስ አክቲቪቲፐብ የሚባል ፕለጊን አለ፤ ስሙ የማስቶዶን ሰርቨሮች እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት ደንብ የመጣ ነው። ስትጭነው የማስቶዶን ሰዎች ብሎግህን እንደ ሰው ይከተሉታል፣ አዲስ ጽሑፍም በቀጥታ ይደርሳቸዋል። የሚሰጡት መልስ ብሎግህ ላይ ኮሜንት ሆኖ ይገባል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ውይይቱ ሌላ ቦታ ተበትኖ አይቀርም። ከጫንከው በፊት የወጡ ጽሑፎች ግን ለአዲስ ተከታይ ላይታዩ ስለሚችሉ፣ ገጽህ ባዶ ቢመስል አትደንግጥ።

ሁለቱን አንድ ላይ ከከፈትክ የሁለቱም ተከታይ የሆነው ሰው አንዱን ጽሑፍ ሁለቴ ያየዋል። አንዱን ምረጥ። ብዙ ጊዜ የምታወራ ከሆንክ የመጀመሪያውን፣ ጽሑፍ አውጥተህ ዝም የምትል ከሆንክ ሁለተኛውን እመክርሃለሁ። በመጀመሪያው ከሄድክ ደግሞ ከሊንኩ በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በእጅህ ጻፍ። ሊንክ ብቻ የሚተፋ አካውንት ማንም አያነብም።

ጥያቄ፦ በተቃራኒውስ? ማይክሮብሎግ ላይ የጻፍኩትን ወደ ብሎጌ ማምጣት?

ይቻላል። ማስቶዶን ላይ የፕሮፋይልህ አድራሻ መጨረሻ ላይ ነጥብ አድርገህ አርኤስኤስ የሚለውን በላቲን ብትጨምር የፖስቶችህን ፊድ ታገኛለህ። ሁሉንም ማፍሰሱን ግን አልወደውም፤ ብሎጉ ይቆሽሻል። የሚረቡትን መርጠህ አምጣ። በሁለቱም አቅጣጫ አውቶማቲክ ካደረግከው ደግሞ አንዱ የሌላውን እየለጠፈ ማቆሚያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ አካውንቱ የእኔ መሆኑን አንባቢ በምን ያውቃል?

ማስቶዶን ላይ የብሎግሽን ሊንክ ፕሮፋይልሽ ውስጥ ታስገቢያለሽ። ብሎግሽ ላይ ደግሞ ኮዱ ውስጥ “ሬል ሚ” (rel="me") የሚል ያለበት ሊንክ ወደ ፕሮፋይሉ ታደርጊያለሽ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ ክፍያ የለውም። ብሉስካይ ላይ የራስሽን ዶሜይን (የድረ ገጽሽን አድራሻ) መጠሪያ ስም ማድረግ ትችያለሽ። ዲኤንኤስ ውስጥ (የዶሜይንሽ መረጃ የሚመዘገብበት ቦታ ነው) አንድ መስመር ጨምረሽ ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ ለኤክስ (ለድሮው ትዊተር)ስ?

ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2023 የኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገናኙበት በር) አጠቃቀሙን ወደ ክፍያ ሲያዞረው ብዙ የማገናኛ መሣሪያዎች ባንዴ ተቋረጡ። ሊንክህን በእጅህ ለጥፍ። የአክቲቪቲፐብ ደንብ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የድረ ገጽ ደረጃ አውጪው የደብልዩ ሥሪ ሲ ይፋዊ ደረጃ ስለሆነ፣ አንድ ኩባንያ ተነስቶ አይዘጋውም።

ጥያቄ፦ የጻፍኩትን ብሰርዝ ከሁሉም ቦታ ይጠፋል?

ሰርቨርሽ ለሌሎቹ “ሰርዙ” የሚል መልእክት ይልካል። አብዛኞቹ ይታዘዛሉ። ያን ጊዜ የተቋረጠ ወይም በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ሰርቨር ላይ ግን ኮፒው ሊቀር ይችላል። ብሎግሽ ላይ ብታስተካክዪ ይሻላል፤ በአክቲቪቲፐብ ፕለጊን ከሆነ እርማቱም ለተከታዮችሽ ይላካል።