ሌንሱ ደህና ነው፣ ፎከሱ ነው ቦታ የሳተው

አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «በቅርቡ ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ። ባክግራውንዱን ብለር ያደርጋል ሲሉ ሰምቼ ነው፤ እውነትም ያደርጋል። ግን አያቴን ሳነሳት ዓይኗ ጥርት ብሎ አይወጣም። ከሃያ ፎቶ ሦስት ቢወጣልኝ ነው። ካሜራዬ ትንሽ ሴንሰር ያለው የጀማሪ ካሜራ ነው። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን? ልመልሰው?»

ቆይ፣ አትመልሺው። መጀመሪያ ካልወጡት ፎቶዎች አንዱን ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና እስከ 100 ፐርሰንት አጉልተሽ እዪው። ዓይናቸውን ለጊዜው ተዪው። የአፍንጫቸውን ጫፍ፣ ጆሯቸው አጠገብ ያለውን ፀጉር፣ የልብሳቸውን ክር ተመልከቺ። ከእነዚህ አንዱ ጥርት ብሎ ከወጣ ሌንሱ ሥራውን ሠርቷል፤ ፎከሱ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። የጠራ ነገር ጨርሶ ከሌለና ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ ደግሞ ወይ ካሜራው ተነቃንቋል፣ ወይ እሳቸው ተንቀሳቅሰዋል።

የካሜራውን ስክሪን ብቻ አይተሽ አትፍረጂ። እዚያ ላይ ሁሉም ፎቶ የጠራ ይመስላል። እኔ ሥራ ስጀምር የአንድ ቤተሰብ ፎቶ በሙሉ በኤፍ 1.8፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍቼ፣ አንስቼ፣ በትንሿ ስክሪን እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው ከአራቱ ሰዎች የአንዱ ፊት ብቻ ነበር የጠራው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ከጻፍሽው ስነሣ የአንቺም ችግር ይኸው የፎከስ ጉዳይ ይመስለኛል። እንዳንቺ ባለ ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስን በኤፍ 1.8 ከፍተሽ ከ1 ሜትር ብታነሺ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ጣት እንደማለት። ሰው ደግሞ ዝም ብሎ የቆመ ቢመስልም በትንሹ ይወዛወዛል። አንቺም ትወዛወዣለሽ። ፎከስ አድርገሽ ቁልፉን እስክትጫኚ ድረስ ያቺ ሁለት ጣት አልፋለች።

ስለዚህ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ሂጂና ኤፍ 4 አድርጊው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል፣ የሚጠራው ቦታ ግን ይሰፋል። ከ1.5 ሜትር በኤፍ 4 ስታነሺ የሚጠራው ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሁለቱም ዓይን፣ አፍንጫም፣ አፍም ይገባሉ። ራቅ ማለትሽ ሌላም ጥቅም አለው፤ በጣም ተጠግተሽ ስታነሺ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ያንሳል። «ታዲያ ብለሩስ?» ትዪኝ ይሆናል። አያትሽን ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ 2 ወይም 3 ሜትር አርቀሽ አስቀምጫቸው። በኤፍ 4ም ቢሆን ግድግዳው ለስለስ ብሎ ይደበዝዛል። ጀማሪ ብለሩን ከሌንሱ ብቻ ይጠብቃል፤ ርቀቱ የሚሠራውን ሥራ ልብ አይልም።

ቀጥሎ የፎከስ ነጥቡን ራስሽ ምረጪ። ምርጫውን ለካሜራው ከተውሽለት ብዙ ጊዜ ቅርቡ ያለውን ነገር ይይዛል፤ ፊት ላይ ቅርቡ አፍንጫ ነው። ሜኑ ውስጥ ገብተሽ አንድ ነጥብ ብቻ አድርጊና ዓይን ላይ አሳርፊው። ፊታቸውን ዞር ካደረጉ ለአንቺ የሚቀርበውን ዓይን ያዢ። ነጥቡ የሽፋሽፍታቸው ሥር ላይ ቢያርፍ ይመረጣል፤ ካሜራ ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበት መስመር ሲያገኝ ቶሎ ይይዛል። ካሜራሽ ዓይንን ራሱ ፈልጎ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ እሱን ክፈቺው፤ ከነጥብ ምርጫ ትገላገያለሽ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 4 ስትሄጂ የሚገባው ብርሃን አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። በ1/250 ሰከንድ ታነሺ ከነበረ ካሜራው ወደ 1/50 ሊያወርደው ይችላል። ያኔ ደግሞ የመነቃነቁ ችግር ይመጣል። የሻተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት፣ ከ1/200 ሰከንድ በታች እንዳይወርድ አድርጊ፤ የጎደለውን ብርሃን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ይሙላው። እስከ 1600 ድረስ አትፍሪ። ፎቶው ትንሽ ነጠብጣብ ቢኖረውም ዓይኑ ከጠራ ማንም ነጠብጣቡን አያይም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ብርሃኑን ከመስኮት ማግኘት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ፈልጊ። አያትሽ መደገፊያ ባለው ወንበር ከመስኮቱ 1 ሜትር ገደማ ርቀው፣ በጎን በኩል ይቀመጡ፤ ሲደገፉ መወዛወዙም ይቀንሳል። ከዚያ ዓይናቸውን በደንብ እዪ። የመስኮቱ ነጸብራቅ እንደ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብሌኑ ላይ ይታይሻል? ካልታየሽ ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ብርሃኑ እንዲያዞሩ ጠይቂያቸው፤ ነጥቧ ብቅ ስትል «ይበቃል» በያቸው። እኔ ይህችን ነጥብ ሳላይ ቁልፉን አልጫንም። ያለሷ ዓይን ቢጠራም የደከመ ይመስላል። መስኮቱን ግን ከጀርባቸው አታድርጊ፤ ካሜራው በመስኮቱ ብርሃን ተታሎ ፊታቸውን ያጨልመዋል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ካልተስተካከለ ሌንሱን ፈትኚው። ጽሑፍ ያለባቸው ሦስት ጠርሙሶች በሰያፍ ደርድሪ፣ አንዱ ከሌላው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይራቅ። ካሜራውን 1 ሜትር ርቀት ላይ ትራይፖድ ላይ አድርጊ። በኤፍ 1.8 መሃለኛው ጠርሙስ ላይ ፎከስ አድርገሽ በ2 ሰከንድ ታይመር አሥር ጊዜ አንሺ፤ በየመሃሉ ፎከሱን አበላሽተሽ እንደገና ያዢ። መሃለኛው ደብዝዞ ሁልጊዜ የፊተኛው፣ ወይም ሁልጊዜ የኋለኛው ብቻ የሚጠራ ከሆነ አሥሩንም ፎቶ ይዘሽ ወደ ገዛሽበት ሂጂ።