በዕድሜ የገፋና አካሉ የተጎዳ በቀቀን ስለማሳደግ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። እዚህ አሜሪካ በዕድሜ የገፉና አካላቸው የተጎዳ ግራጫ በቀቀኖችን ከመጠለያ እየወሰድኩ አሳድጋለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መጠለያ ያየሁት ግራጫ በቀቀን 28 ዓመቱ ነው፤ አንድ እግር የለውም። በዚህ ዕድሜው መውሰድ ይሻላል?

መልስ፦ ይውሰዱት። በደንብ ከተያዘ 40 እና 50 ዓመት የሚኖር ወፍ ስለሆነ ገና ጎልማሳ ነው። ይልቅ እርስዎ ባይኖሩ ማን እንደሚረከበው ከአሁኑ ያስቡበት።

ጥያቄ፦ በአንድ እግር እንዴት ይቆማል? ኬጁንስ እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክብደቱ ሁሉ ያረፈው በአንድ እግር ላይ ነው፤ ቀን ከሌት አንድ ዓይነት ክብ እንጨት ላይ ከዋለ የውስጥ እግሩ ይቆስላል። ቀስ ብለው ገልበጥ አድርገው ይዩት። ጤነኛው በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ፣ ሲነካ ሻካራ ነው። መሃሉ ልሙጥ ሆኖ ካብረቀረቀና ከቀላ ቁስሉ እየመጣ ነው፤ አጥንት ጋ ከደረሰ ደግሞ ማዳኑ ይከብዳል። ስለዚህ ውፍረታቸው የተለያየ ቅርንጫፎችና አረፍ የሚልበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያስገቡለት። ሲወጣጣ ምንቃሩን እንደ ተጨማሪ እግር ስለሚጠቀም ጋድም ሽቦ ያለው ኬጅ ይምረጡ። ከቁመቱ ስፋቱ ይብለጥ፤ መቆሚያዎቹ ዝቅ ይበሉ፤ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ታችኛው ወለል ላይ ለስላሳ ነገር ይነጠፍ። ምግቡንና ውሃውን ቆሞ ከሚውልበት አጠገብ ያድርጉለት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቡና ይቆላል፣ ዕጣንም ይጨሳል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ በጣም! የወፍ መተንፈሻ አካል ለጢስ ከሰው ይበልጥ ስስ ነው። ዕጣን ማጨሱንና ቡና መቁላቱን ውጭ ያድርጉት፤ ባህላችንን ተዉ ማለቴ አይደለም። ከዚህ የባሰው ቴፍሎን ነው። የማይጣበቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፉን በደቂቃዎች ሊገድለው ይችላል፤ ሌላ ክፍል መሆኑም አያድነውም። እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድም ይህ የማይጣበቅ ልባጥ እንደሌለው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቼ ልወስድላቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ግራጫ በቀቀን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሳይተስ (ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠር) ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር በሚያደርግበት አባሪ አንድ ውስጥ ገብቷል።

ጥያቄ፦ የኛው ከሱፍ ፍሬ ሌላ ምንም አይበላም።

መልስ፦ ሱፍ ቅባቱ ብዙ ነው፤ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ግን ያንሰዋል። ግራጫ በቀቀን ካልሲየም ሲያጥረው ይንቀጠቀጣል፣ እስከ መውደቅም ይደርሳል። ሆኖም በአንድ ቀን አይቀይሩበት፤ የማያውቀውን ምግብ ትቶ ይራባል። ፔሌት (ለወፍ የተዘጋጀ እንክብል መኖ)፣ ካሮት፣ ስኳር ድንችና ጎመን ቀስ በቀስ ያለማምዱት። አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ቡና በፍጹም አይቅመስ። ወፍ ሕመሙን ስለሚደብቅ ጠዋት ከመብላቱ በፊት በግራም ሚዛን ይመዝኑት፤ ከክብደቱ 10 በመቶ ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እያዘንን እያሰቃየነው ይሆን?

መልስ፦ እግር ማጣት ብቻውን ስቃይ አይደለም። የመገጣጠሚያ ሕመም ካለው ወፍ የሚያክም ሐኪም ማስታገሻ ያዝለታል፤ የሰው መድኃኒት ግን በራስዎ አይስጡት። በደንብ የሚበላ፣ ላባውን የሚያበጥር፣ ስትገቡ ዞር ብሎ የሚያይ ወፍ ኑሮውን እየኖረ ነው። ላባውን ማበጠር ከተወና ኬጁ ወለል ላይ ኩርምት ብሎ መዋል ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።