ጣሪያ ያስነሳኝ መጋዝ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዱ ምናለሽ ተራ ያየውን አሮጌ ባንድ ሶው «ልግዛው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባንድ ሶው ያው ምላጩ ጫፍና ጫፉ ተበይዶ፣ እንደ ቀበቶ በላይና በታች ባሉ ሁለት መንኮራኩሮች ላይ የሚዞር መጋዝ ነው። ማሽኑን ሳላይ ምን እላለሁ? ጥያቄው ግን የራሴን ጉድ አስታወሰኝ።

ዕድሜዬ ሠላሳ ሳይሞላ አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ተዘግቶ ንብረቱ ሲሸጥ ለማየት ሄድኩ። ጥግ ላይ ጣሊያን ሠራሽ ባንድ ሶው ቆሟል። የመንኮራኩሮቹ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከእኔ በላይ። ለአንዲት ብሎን ዋጋ የምከራከር ሰው ለእሱ አንድ ብር እንኳን ሳላስቀንስ ከፈልኩ። የሱቄ በር ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅተኛ መሆኑ ትዝ ያለኝ መኪናው ደጄ ሲደርስ ነው። ቆርቆሮውን አስነስቼ በላይ አስገባሁት። ማሽኑ 380 ቮልት በሦስት ፌዝ፣ ማለትም የፋብሪካ መብራት ይፈልጋል፤ የእኔ መስመር ደግሞ እንደ መኖሪያ ቤት ባለ አንድ ፌዝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካፖርቴን ሰቀልኩበት። ባለቤቴ «ሐውልቱ» ትለው ነበር።

ማድነቄን ግን አልተጸጸትኩበትም። በእንግሊዟ ሌስተር ዋድኪን፣ በአሜሪካዋ ግራንድ ራፒድስ ኦሊቨርና ታነዊትዝ የተባሉ ፋብሪካዎች ይሠሯቸው የነበሩ ግዙፍ ማሽኖች በፎቶግራፍ እንኳን ሲታዩ ልብ ይሰርቃሉ። አካላቸው ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ክብደቱ ንዝረቱን ይውጠዋል። ያንን የአሸዋ ቅርጽ ለማውጣት ደግሞ አስቀድሞ ከእንጨት የተጠረበ አምሳያ ያስፈልጋል። የዚያ ሁሉ ብረት አባት እንደ እኛው ያለ አናጺ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የአሮጌ ማሽን ወገብ ሳላሻሽ አላልፍም።

ወደ ግዢው ልመለስ። አባቴ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል። የባንድ ሶው ጥርስ ግን ምንም አይነግራችሁም፤ ምላጩ ሲደንዝ የሚለወጥ ነው። ማስኬዱ ይሻላል፤ እሱም ያለ መብራት። ምላጩን አስወልቁና የላይኛውን መንኮራኩር በእጅ አዙሩት፤ የሚንኳኳና የሚንገጫገጭ ድምፅ አድምጡ። ከዚያ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ቢላወስ የኩሽኔታ፣ ማለትም መንኮራኩሩ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት ነገር ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፤ ኩሽኔታ ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ ተገዝቶ ይለወጣል። የመንኮራኩሩ ጎማም እንዲሁ። አካሉ ወይም መንኮራኩሩ ከተሰነጠቀ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ማሽን ስታዩ ብየዳ የተደበቀበትን ቦታ ፈልጉ። ሞተሩንም ገና ሳይነሳ በመዳፋችሁ ንኩት፤ ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ ከእናንተ በፊት ሲያለማምደው ቆይቷል።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሞተሩ ለ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ መብራት የተሠራ ነው፤ በእኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ በስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል።

ምላጩን የት እንደምታገኙም ቀድማችሁ ጠይቁ። የመንኮራኩሮቹ ስፋት 70 ሳንቲ ሜትር፣ በመሀል ነጥቦቻቸው መካከል ያለው ርቀት 1.40 ሜትር ከሆነ፣ ምላጩ 5 ሜትር ገደማ ነው። ያንን ርዝመት በደንብ የሚበይድ ሰው ካላወቃችሁ ማሽኑን አትግዙ። የዚህ መጋዝ ታሪክ ራሱ የብየዳ ታሪክ ነው። ዊልያም ኒውቤሪ የሚባል እንግሊዛዊ በ1800ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም ምላጩ መጋጠሚያው ላይ እየተበጠሰ አስቸገረ። አን ፖሊን ክሬፒን የተባለች ፈረንሳዊት የማያያዣ ዘዴዋን ያስመዘገበችው በ1846 ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ፣ ለአንዲት መጋጠሚያ!

የዋንዛ ወንበር እግር ለሚያወጣ ሰው 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር መንኮራኩር ያለው ይበቃል። እኔም በመጨረሻ እንዲህ ያለውን ገዛሁ። «ሐውልቱን» ግንድ የሚሰነጥቅ ወዳጄ ወሰደልኝ፤ ጣሪያዬ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። እሱ ሦስት ፌዝ አለው። በዚያ ሳልፍ ጎራ እላለሁ። ማጥፊያውን ከተጫነ በኋላ እነዚያ መንኮራኩሮች ፍጥነታቸው እየቀነሰ ብዙ ይዞራሉ። ወዳጄ የማሽኑን በር ሳይከፍት፣ እኔም ሳልናገር፣ ፍጹም እስኪቆሙ ድረስ ቆመን እንጠብቃቸዋለን።