ሎጋሪዝም ጣሪያ ሳይኖረው ቢኤምኦ (BMO፦ አማካይ መዋዠቃቸው በየትኛውም ክፍተት ላይ ከአንድ ገደብ የማያልፍ ፈንክሽኖች ስብስብ) ውስጥ እንዴት ይገባል?

ቢኤምኦ የሚለካው የፈንክሽኑን ቁመት አይደለም። በየክፍተቱ ከራሱ አማካይ በአማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። የሚያስቸግረው ሎጋሪዝሙ ያለገደብ የሚወርድበት ዜሮ አካባቢ ስለሆነ ከ−ሀ እስከ ሀ (ሀ ከዜሮ በላይ) ያለውን ክፍተት ውሰድ።

1. የተለዋዋጩ ፍጹም ዋጋ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም አማካይ እዚህ ላይ «ሎግ ሀ − 1» ነው።

2. ተለዋዋጩን ለሀ አካፍለው። ሎግ ሀ ይሰረዛል። የሚተርፈው መዋዠቅ 0.74 ገደማ ነው፤ ሀ የቱንም ያህል ቢያንስ ንቅንቅ አይልም።

ከዜሮ የራቀ ክፍተት ላይ ሎጋሪዝሙ ብዙም አይለዋወጥም። የቀረበውን ደግሞ እንዲህ ባለ ሰፋ ያለ ክፍተት ውስጥ ክተተው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ ከዜሮ በስተቀኝ ሎጋሪዝሙን ይዘህ በስተግራ ፈንክሽኑን ዜሮ እንዳታደርግ። እኔ «ያው ነው» ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ለፍቻለሁ። አማካዩ የ«ሎግ ሀ − 1» ግማሽ ይሆናል፤ ዜሮ የሆነው ግራ ወገን ከዚያ የሚርቀው ሀ ባነሰ ቁጥር ያለገደብ ያድጋል። ፈንክሽኑ ከቢኤምኦ ወጣ ማለት ነው።