ሩት ካናል (የጥርስ ስር ህክምና) ጀምረህ ህመሙ ስለጠፋ ብቻ እንዳታቋርጠው

ህመሙ ቆሟል፣ ሁለተኛውን ቀጠሮ ልተወው ወይ ላልከው፣ አትተወው ሂድ። ህመሙ የጠፋው ነርቩ ስለወጣ ነው እንጂ ጥርሱ ስለዳነ አይደለም፣ ስሩ ውስጥ ያለው ቦይ ገና አልተደፈነም፣ ከላይ ያደረጉልህ ደግሞ ጊዜያዊ ሙሌት ስለሆነ ሲቆይ ይላላና ምራቅና ባክቴሪያ ያስገባል። አንቲባዮቲክ ብቻውን ይሄን አይተካም።

የመንጋጋ ጥርስ ከሆነ 3 ወይ 4 ቦይ ሊኖረው ስለሚችል ከቻልክ የጥርስ ስር ስፔሻሊስት ይጨርስልህ፣ ኤክስሬይም ሳይነሳ እንዳይደፈን።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ እኔ ህክምናውን ጨርሼ ክራውኑ (ጥርሱ ላይ የሚደረገው መሸፈኛ) ውድ ሆኖብኝ ቆይ ስል ከርሜ ቆሎ ስበላ ጥርሱ ለሁለት ተሰነጠቀና ተነቀለ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የክራውኑንም ዋጋ ከአሁኑ ጠይቅ።

ፊትህ ካበጠ ወይ ካተኮሰህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዛው ቀን ሂድ።